«ጸድቋል» ከተባለ በኋላ ቪዛው የት ይቀራል? የትዳር ጓደኛን ወደ አሜሪካ የመውሰድ ሂደት

«ባለቤቴ ያስገባልኝ ማመልከቻ ከጸደቀ ግማሽ ዓመት ሆነው፤ ቪዛው ግን እስካሁን አልመጣም፤ ምን አጥፍተን ይሆን?» የሚለው ጥያቄ የትዳር ጓደኛቸውን ወደ አሜሪካ ለመውሰድ ሂደት የጀመሩ ባልና ሚስቶች ደጋግመው የሚያነሡት ነው። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «ምንም አላጠፋችሁም» የሚል ነው። ችግሩ ያለው ጥያቄው በቆመበት ግምት ላይ ነው፤ የጸደቀው ማመልከቻ ራሱ ቪዛ ነው፣ ቢያንስ ቪዛው እንደማይቀር ማረጋገጫ ነው ተብሎ ይታሰባል። ማመልከቻውን የሚያጸድቀው መሥሪያ ቤት ግን ቪዛ አይሰጥም፤ ቪዛ የሚሰጠው ደግሞ ማመልከቻውን አላጸደቀውም፤ በመካከላቸውም ሁለቱንም የማያደርግ፣ ነገር ግን ፋይሉን ለወራት ይዞ ሊያቆይ የሚችል ሦስተኛ ቢሮ አለ።

በዚህ ጽሑፍ «አመልካች» የሚባለው አሜሪካ ያለው፣ ዜጋ የሆነ ወይም ግሪን ካርድ የያዘ ወገን ነው፤ «ቪዛ ጠያቂ» የሚባለው ደግሞ ከአሜሪካ ውጭ ያለው የትዳር ጓደኛው ነው። ዓመታቱ በሙሉ፣ ካልተገለጸ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፋይሉ በስንት እጅ ያልፋል?

በሦስት እጅ ያልፋል። መጀመሪያ አመልካቹ «አይ-130» የተባለውን ፎርም ሞልቶ፣ በአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ሥር ለሚገኘው የዜግነትና የኢሚግሬሽን አገልግሎት (ዩ.ኤስ.ሲ.አይ.ኤስ) ያስገባል። ከአፕሪል 1 ቀን 2024 ጀምሮ ክፍያው በኦንላይን ለሚያስገባ 625፣ በወረቀት ለሚልክ 675 ዶላር ሆኖ ተወስኗል፤ ዋጋው በየጊዜው ስለሚከለስ ከመክፈል በፊት የመሥሪያ ቤቱን ይፋዊ ገጽ ማየት ያስፈልጋል። ይህ መሥሪያ ቤት በመሠረቱ የሚመረምረው ሁለት ነገር ነው፤ አመልካቹ በእርግጥ ዜጋ ወይም የግሪን ካርድ ባለቤት ነው ወይ? ጋብቻውስ በሕግ የጸናና እውነተኛ ነው ወይ? ቪዛ ጠያቂው ወንጀል ሠርቶ ያውቃል ወይ፣ ጤንነቱ እንዴት ነው፣ ማን ያስተዳድረዋል የሚሉት ጥያቄዎች እዚህ ደረጃ ላይ ገና አልተነሡም።

ማመልከቻው ሲጸድቅ ፋይሉ ኒው ሃምፕሻየር ግዛት፣ ፖርትስመዝ ከተማ ወደሚገኘው ብሔራዊ የቪዛ ማዕከል (ኤን.ቪ.ሲ) ይሄዳል። ይህ ማዕከል የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ነው። ሥራው ለቪዛው 325፣ ለገንዘብ ዋስትናው ምርመራ 120 ዶላር ማስከፈል፣ «ዲ.ኤስ-260» የተባለውን የቪዛ መጠየቂያ ፎርም ማስሞላት፣ ሰነዶችን መሰብሰብና መሟላታቸውን ማየት ነው። ሰነዱ ተሟልቷል ካለ በኋላ ለቀጠሮ ያሰልፍና ፋይሉን ወደ ኤምባሲ ይልካል። ቪዛው ይሰጥ ወይም አይሰጥ ብሎ የሚወስነው እዚያ ያለው የቆንስላ መኮንን ነው።

የጸደቀ ማመልከቻ የሚያደርገውን ነገር ከመታወቂያ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። መታወቂያ ሰውየው ማን እንደሆነ ይናገራል፤ ወደ ማንም ሰው ግቢ የመግባት ፈቃድ ግን አይሰጥም። አይ-130 ሲጸድቅም «እነዚህ ሁለት ሰዎች ባልና ሚስት ናቸው» ተባለ እንጂ «ይግባ» ወይም «ትግባ» አልተባለም።

ወረፋው ለአንዱ አጭር፣ ለሌላው ረጅም የሚሆነው ለምንድን ነው?

ሕጉ የዜጋን የትዳር ጓደኛ «የቅርብ ዘመድ» በሚለው ክፍል ያስቀምጠዋል፤ ለዚህ ክፍል በዓመት ይህን ያህል ቪዛ ብቻ ይሰጥ የሚል ገደብ የለም። ስለዚህ የዜጋ ባል ወይም ሚስት የሚጠብቀው ቢሮዎቹ ሥራቸውን እስኪጨርሱ ነው። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው የትዳር ጓደኛ ግን «ኤፍ-2-ኤ» በተባለው ምድብ ውስጥ ይገባል፤ የዚህ ምድብ ቪዛ በቁጥር የተወሰነ ስለሆነ ከቢሮው ሥራ በተጨማሪ ወረፋ አለው።

ወረፋው የሚሠራው ባንክ ቤት ገብተን ቁጥር እንደምንወስደው ነው። ማመልከቻው ለዩ.ኤስ.ሲ.አይ.ኤስ በትክክል የደረሰበት ቀን የቪዛ ጠያቂው ቁጥር ይሆናል፤ «የቅድሚያ ቀን» ይሉታል። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ በየወሩ «ቪዛ ቡሌቲን» የተባለ ሰንጠረዥ ያወጣል፤ በሰንጠረዡ ላይ ያለው ቀን መስኮቱ ላይ የሚጠራው ቁጥር ነው። የእርስዎ ቀን ከተጠራው ቀን የቀደመ ከሆነ ተራዎ ደርሷል። ሆኖም ከባንኩ የሚለይበት አንድ ባሕርይ አለው፤ የተጠራው ቁጥር ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። በአንድ ወር ተራው ደርሶ የነበረ ሰው የዓመቱ ቪዛ ሊያልቅ ሲቃረብ በሚቀጥለው ወር ተራው አልደረሰም ሊባል ይችላል።

አመልካቹ በመካከል ዜግነት ካገኘ ለሚመለከተው ቢሮ የዜግነት ምስክር ወረቀቱን ልኮ ሲያሳውቅ የትዳር ጓደኛው ከወረፋው ወጥቶ ወደ «የቅርብ ዘመድ» ክፍል ይዛወራል። ይህ መልካም ዜና ብዙ ጊዜ የማይነገር ወጥመድ ይዞ ይመጣል። በኤፍ-2-ኤ ጊዜ ልጆች በእናታቸው ወይም በአባታቸው ማመልከቻ ሥር ተጠልለው አብረው ሊሄዱ ይችላሉ፤ በ«የቅርብ ዘመድ» ክፍል ግን ይህ መጠለያ የለም፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ራሱን የቻለ አይ-130 ያስፈልገዋል። ባል ዜግነቱን በደስታ ያሳውቃል፤ ሚስት ለቃለ መጠይቅ ትጠራለች፤ ሁለቱ ልጆች ግን ከፋይሉ የሉም። ያን ጊዜ አዲስ ማመልከቻ ማስገባትና ሚስትን ከልጆቹ ነጥሎ ማስቀደም ወይም ሁሉንም ማስጠበቅ ይመጣል። ለእንጀራ ልጅ ደግሞ ጋብቻው የተፈጸመው ልጁ 18 ዓመት ሳይሞላው መሆን አለበት።

«ትዳራችን እውነተኛ ነው»፤ ታዲያ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ የማስረዳትን ሸክም የሚጥለው በጠያቂው ላይ ነው። መሥሪያ ቤቱ ጋብቻው ሐሰተኛ መሆኑን ማሳየት ሳይጠበቅበት፣ ባልና ሚስቱ እውነተኛ መሆኑን ማሳየት አለባቸው። ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው፤ እውነቱን ስለያዘ ሌላው ሰው እውነቱን የሚያይ ይመስለዋል። ፋይሉን የሚያነበው ሰው ግን ሠርጉ ላይ አልነበረም፤ ከወረቀቱ ውጭ የሚያውቀው ነገር የለም።

በመጀመሪያ ጋብቻው በተፈጸመበት አገር ሕግ የጸና መሆን አለበት። ቀደም ያለ ጋብቻ ከነበረ ፍቺው ወይም የቀድሞው ባለቤት ሞት በሰነድ ይረጋገጣል፤ ፍቺው ከአዲሱ ጋብቻ በኋላ የተመዘገበ ከሆነ አዲሱ ጋብቻ ይወድቃል። አንደኛው ወገን በሌለበት በወኪል የተፈጸመ ጋብቻ፣ ተጋቢዎቹ ከዚያ በኋላ እንደ ባልና ሚስት አብረው ካልሆኑ በስተቀር፣ ተቀባይነት የለውም። ከአንድ በላይ ሚስት በሚፈቀድበት ቦታ የተፈጸመ ቢሆንም የሚታወቀው የመጀመሪያው ጋብቻ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ጋብቻው ለመኖር ወይስ ለቪዛ ብቻ የተፈጸመ ነው የሚለው ነው። ደንቡ በምሳሌነት የሚዘረዝራቸው ማስረጃዎች የጋራ ንብረት፣ የጋራ የቤት ኪራይ ውል፣ የተቀላቀለ የባንክ ሒሳብ፣ የጋራ ልጆች የልደት ምስክር ወረቀትና የሚያውቋቸው ሰዎች የምስክርነት ቃል ናቸው። ውቅያኖስ በመካከላቸው ያለ ባልና ሚስት ግን የጋራ የኪራይ ውል ከየት ያመጣሉ? ስለዚህ የእነርሱ ማስረጃ ሌላ መልክ ይኖረዋል፤ አመልካቹ ለጉብኝት የሄደበት የአውሮፕላን ትኬትና የፓስፖርት ማኅተም፣ የገንዘብ ዝውውር ደረሰኝ፣ በኢንሹራንስ ወይም በጡረታ ሰነድ ላይ ባለቤትን ወራሽ አድርጎ ማስመዝገብ፣ ከሁለቱም ወገን ቤተሰብ ጋር በተለያየ ጊዜ የተነሡት ፎቶግራፍ፣ ለዓመታት የቀጠለ የስልክና የመልእክት ግንኙነት ናቸው።

ብዛት ግን ጥራትን አይተካም። አራት መቶ ገጽ የመልእክት ልውውጥ አትሞ መላክ ድካም ነው፤ አንባቢው ከመካከሉ ሁለት ገጽ ቢያነብ ነው። ከትውውቁ ጊዜ ጀምሮ ከየሦስት ወሩ አንድ ገጽ ተመርጦ፣ ቀኑ ተጽፎበት፣ ትርጉሙ ተያይዞ ቢቀርብ ግንኙነቱ ሳይቋረጥ መቀጠሉን በተሻለ ያሳያል። ፎቶግራፍም እንዲሁ ነው፤ በሠርጉ ቀን የተነሡ መቶ ፎቶዎች ስለ አንድ ቀን ብቻ ይናገራሉ።

ለቪዛ ብሎ ማግባት የሚያስከትለው ቅጣት ከባድ ነው። በወንጀል እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 250,000 ዶላር መቀጮ አለው። ከዚያም በላይ፣ አንድ ቪዛ ጠያቂ የኢሚግሬሽንን ሕግ ለማለፍ ብሎ ማግባቱ ወይም ለማግባት መሞከሩ ከተረጋገጠበት፣ ከዓመታት በኋላ ከሌላ ሰው ጋር እውነተኛ ትዳር ቢመሠርትም የዘመድ ማመልከቻ ሊጸድቅለት አይችልም። ይህ ክልከላ ጊዜ አይሽረውም።

ስምና ቀን ይህን ያህል የሚያስቸግሩት ለምንድን ነው?

አንዲት ቪዛ ጠያቂ የልደት ምስክር ወረቀቷ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሰኔ 12 ቀን 1985 ይላል እንበል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይህ ጁን 19 ቀን 1993 ነው፤ ፓስፖርቷም ላይ እንዲሁ ተጽፏል። ተርጓሚው ግን ወሩንና ዓመቱን ቀይሮ ቀኑን እንዳለ ተወውና «ጁን 12» ብሎ ጻፈ። ኤን.ቪ.ሲ ወይም ኤምባሲው የሚያየው በሁለት ቀን የተወለደች አንዲት ሴት ነው። ለእኛ ግልጽ የሆነው የአቆጣጠር ልዩነት ለእነርሱ የማንነት ጥያቄ ይሆንባቸዋል፤ ሰነዱ እንዲስተካከል ተመልሶ ይመጣል፤ እስኪስተካከልም ፋይሉ ከወረፋው ውጭ ይቆያል።

የስም ነገርም ከዚሁ አይተናነስም። ፎርሞቹ የተዘጋጁት የቤተሰብ ስም ላላቸው ሰዎች ነው። ፓስፖርቱ እስከ አያት ሦስት ስም ሲይዝ የጋብቻ ምስክር ወረቀቱ ሁለት ብቻ ሊይዝ ይችላል፤ አንዱ የአማርኛ ስም ደግሞ በላቲን ፊደል በሦስት ዓይነት ሆሄ ተጽፎ ይገኛል። በፎርሙ ላይ «ሌሎች የተጠቀሙባቸው ስሞች» የሚለው ሣጥን ብዙ ሰው «የቅጽል ስም ማለት ነው» ብሎ ባዶ የሚተወው ነው፤ እነዚህን ልዩ ልዩ አጻጻፎች በሙሉ መዘርዘር የሚገባው ግን እዚያው ላይ ነው።

ትርጉምን በተመለከተ ሦስቱ ቢሮዎች አንድ ዓይነት ሕግ የላቸውም። ዩ.ኤስ.ሲ.አይ.ኤስ በእንግሊዝኛ ያልተጻፈ ሰነድ ሁሉ ሙሉ ትርጉም እንዲኖረውና ተርጓሚው ቋንቋዎቹን እንደሚችልና ትርጉሙ ትክክል እንደሆነ ፈርሞ እንዲያረጋግጥ ያስገድዳል። ኤን.ቪ.ሲ ግን ቪዛው በሚጠየቅበት አገር ይፋዊ ቋንቋ የተጻፈን ሰነድ ያለ ትርጉም ሊቀበል ይችላል። «ያኔ ሳይተረጎም ተቀብለውኝ ነበር» የሚል ሰው ሐሰት አልተናገረም፤ የሚያወራው ስለ ሌላው ቢሮ ነው።

የገንዘብ ዋስትናው ምን ያስገድዳል?

«አይ-864» ፎርም የተለመደ የድጋፍ ደብዳቤ ይመስላል፤ ነገሩ ግን ከመንግሥት ጋር የሚፈረም ውል ነው። አመልካቹ ገቢው ከፌዴራሉ የድህነት መለኪያ 125 በመቶ እንደማያንስ ማሳየት አለበት። በ2025 መለኪያ መሠረት፣ ከአላስካና ከሃዋይ ውጭ፣ ሁለት ሰው ላለው ቤተሰብ ይህ በዓመት ወደ 26,437 ዶላር ነበር፤ በወታደራዊ አገልግሎት ላይ ያለ ሰው ለትዳር ጓደኛው 100 በመቶው ይበቃዋል። ገቢው ያልሞላለት ሰው በጥሬ ገንዘብ ወይም በንብረት ማሟላት ይችላል፤ አመልካቹ ዜጋ ከሆነ የንብረቱ ዋጋ የጎደለውን ገንዘብ ሦስት እጥፍ መሆን አለበት። ይህም ካልሆነ አሜሪካ የሚኖር፣ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሌላ ሰው አብሮ ይፈርማል።

አብሮ የሚፈርመው ወንድም ወይም ጓደኛ ምን ላይ እንደሚፈርም በቅጡ ሳይነገረው የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ይህ ደግሞ ልክ አይመስለኝም። ግዴታው የሚያበቃው ዋስትናው የተፈረመለት የትዳር ጓደኛ ዜጋ ሲሆን፣ ወይም 40 ሩብ ዓመት የሥራ ጊዜ ሲቆጠርለት (በተከታታይ ለሚሠራ ሰው አሥር ዓመት ገደማ ነው)፣ ወይም ነዋሪነቱን ትቶ ከአሜሪካ ለዘለቄታው ሲወጣ፣ ወይም ሲሞት ነው። ፍቺ አያቋርጠውም። ባልና ሚስቱ ተፋትተው እንኳን ፈራሚው ተጠያቂ ሆኖ ሊቀጥል ይችላል።

ኤን.ቪ.ሲ ጋ ያለ ሰው ሌላም የሚያስታውሰው ነገር አለ። ለቪዛው እንዲያመለክት ከተነገረው በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ዝም ያለ ሰው ምዝገባው ሊሰረዝ ይችላል። ዋስትና የሚፈርም ሰው ፍለጋ ጊዜ የሚወስድ ከሆነ ቢያንስ በዓመት አንዴ በመልእክት ወይም በኦንላይን አካውንቱ ገብቶ ፋይሉ ሕያው መሆኑን ማሳየት ያስፈልጋል።

በቃለ መጠይቁ ቀን ምን ይሆናል?

ከዚያ በፊት ኤምባሲው በሰየመው ሐኪም ዘንድ የሕክምና ምርመራ አለ፤ የሌላ ሐኪም ወረቀት አይሠራም። አብዛኛውን ጊዜ ምርመራው የሚያገለግለው ለስድስት ወር ስለሆነ ቪዛው ራሱ ከዚያ የረዘመ ዕድሜ አይሰጠውም። ቪዛ ጠያቂው 16 ዓመት ከሞላው በኋላ ለ12 ወርና ከዚያ በላይ የኖረባቸው ሌሎች አገሮች ሁሉ የፖሊስ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ አሁን ለሚኖርበት አገር መለኪያው 6 ወር ነው። በአረብ አገር ወይም በአፍሪካ ጎረቤት አገር ሠርታ የተመለሰች ሚስት ፋይል ብዙውን ጊዜ የሚንጠለጠለው በዚህ ነው፤ እዚያ አገር ሆና በአንድ ቀን የምታወጣው ወረቀት ከወጣች በኋላ ወራት ሊፈጅባት ይችላል።

ቃለ መጠይቁ የሚደረገው በመስታወት መስኮት ፊት ቆሞ ነው። ቀኝ እጅን አንሥቶ ቃል መግባት፣ የጣት አሻራ፣ ከዚያም ጥያቄ ይቀጥላል፤ የት ተዋወቃችሁ? መጀመሪያ ማን ለማን ደወለ? ባለቤትሽ የሚሠራው የት ነው? ቀደም ሲል አግብቶ ያውቃል? ከሠርጉ በኋላ ስንት ጊዜ መጣ? ጥያቄዎቹ ተራ ናቸው፤ የሚመዘኑት ግን ፋይሉ ውስጥ ካለው ጋር ተነጻጽረው ነው። መኮንኑ የሚያየው ፋይል ደግሞ ባልና ሚስቱ አሁን ያስገቡትን ብቻ አይደለም። ከአምስት ዓመት በፊት ለቱሪስት ቪዛ በተሞላ ፎርም ላይ «ያላገባ» የሚል መልስ ካለና አሁን የቀረበው የጋብቻ ወረቀት ከዚያ የቀደመ ቀን ከያዘ፣ ያ መልስ ከመስታወቱ ማዶ ስክሪኑ ላይ ይታያል። ለዲቪ በተሞላ ፎርምም እንዲሁ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ካለ መኮንኑ እስኪያነሣው ከመጠበቅ አስቀድሞ ማብራሪያ ማዘጋጀት ይሻላል።

ባለ ቀለም ወረቀት ላይ «221(ጂ)» የሚል የሕግ አንቀጽ ቁጥር ተሰጥቶት የወጣ ሰው «ተከለከልኩ» ብሎ ያለቅሳል። በሕጉ አነጋገር በእርግጥ ክልከላ ነው፤ ትርጉሙ ግን በዛሬው ቀን ባለው ማስረጃ ቪዛ ለመስጠት አልተቻለም ማለት ነው። የጎደለ ሰነድ ተጠይቆ ከሆነ በአንድ ዓመት ውስጥ ማቅረብ ይቻላል፤ ዓመቱ ካለፈ አዲስ ቪዛ መጠየቂያና አዲስ ክፍያ ይመጣል። ወረቀቱ «አስተዳደራዊ ምርመራ» የሚል ከሆነ ግን ከቪዛ ጠያቂው የሚጠበቅ ነገር ላይኖር ይችላል፤ መቼ እንደሚያልቅም የተቆረጠ ቀን የለውም።

በመጨረሻ ቢከለከልስ? ፍርድ ቤት መሄድ አይቻልም?

በአብዛኛው አይቻልም። የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች የቆንስላ መኮንንን የቪዛ ውሳኔ እንደገና አይመረምሩም የሚለው ደንብ ረጅም ዕድሜ ያለው ነው። ባሏ ኤል ሳልቫዶር ውስጥ ቪዛ የተከለከለባት አንዲት አሜሪካዊት ጉዳይዋን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ወስዳ ነበር፤ ፍርድ ቤቱም በጁን 2024፣ የሙኞዝ ጉዳይ በተባለው ውሳኔ፣ ዜጋ መሆን የውጭ አገር ዜጋ የሆነ ባልን ወይም ሚስትን ወደ አገር የማስገባት ሕገ መንግሥታዊ መሠረታዊ መብት አያጎናጽፍም ብሎ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ ወሰነ። ፕሬዚዳንቱም የአንድን ክፍል ሰዎች መግባት በአዋጅ የማገድ ሰፊ ሥልጣን እንዳለው በ2018 በ5 ለ 4 ድምፅ ተወስኗል፤ ሰነዱ የተሟላለት ሰው ጉዳይ ያለ አንዳች ጥፋቱ ሊቆም የሚችለው ከዚህ የተነሣ ነው።

ይቅርታ የሚጠየቅባቸው ክልከላዎች ግን አሉ። አሜሪካ ውስጥ ያለ ፈቃድ ከ180 ቀን በላይ፣ ነገር ግን ከአንድ ዓመት ያነሰ ጊዜ ቆይቶ በራሱ የወጣ ሰው ለ3 ዓመት፣ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ ደግሞ ለ10 ዓመት እንዳይገባ ይታገዳል፤ እገዳው እንዲነሣለት «አይ-601» በሚባለው ፎርም መጠየቅ ይችላል፤ ለዚህም በአሜሪካ ያለው የትዳር ጓደኛ ወይም ወላጅ ከባድ ችግር እንደሚደርስበት ማሳየት ይኖርበታል። እንዲህ ያለ ታሪክ ወይም የወንጀል መዝገብ ያለው ሰው ፎርም ሞይ ዘንድ ከመሄድ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ዘንድ ቢሄድ ይሻላል፤ በትርጉም ቤት የሚሞላ ፎርምና የሕግ ምክር አንድ አይደሉም።

እስከዚያው በቱሪስት ቪዛ መሄድስ?

ክልክል አይደለም፤ ማግኘቱ ግን አስቸጋሪ ነው። የቱሪስት ቪዛ ጠያቂ ተመልሶ እንደሚመጣ ማሳመን አለበት፤ ሂደት ላይ ያለ አይ-130 ደግሞ ለመኖር እንዳሰበ በራሱ እጅ የቀረበ ማስረጃ ነው። ማመልከቻ መኖሩን መደበቅ ሐሰተኛ ቃል ይሆንና ዋናውን ፋይል ያበላሻል።

ቪዛው ከተመታ በኋላ ሂደቱ አለቀ?

ለግሪን ካርዱ ማሳተሚያ 235 ዶላር በኦንላይን ይከፈላል፤ ድንበር ላይ ያለው መኮንንም የራሱን ፍተሻ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ የሚወስነው የጋብቻው ዕድሜ ነው። አሜሪካ በገቡበት ቀን ጋብቻው ሁለት ዓመት ካለፈው የሚሰጠው የ10 ዓመት ካርድ ነው። ሁለት ዓመት ካልሞላው ግን በ1986 በወጣው ሕግ መሠረት የ2 ዓመት፣ በቅድመ ሁኔታ የተሰጠ ካርድ ይሆናል፤ የጋብቻቸው ሁለተኛ ዓመት ጥቂት ሳምንት የቀረው ሰዎች አንዳንዴ ጉዟቸውን የሚያዘገዩት ለዚህ ነው። የሁለት ዓመቱን ካርድ የያዘ ሰው ካርዱ ከማለቁ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ ባልና ሚስቱ የፈረሙበትን «አይ-751» ማስገባት አለበት፤ ሳያስገባ ቢቀር ነዋሪነቱን ያጣል። በዚያ ጊዜ የሚጠየቀው ማስረጃ መጀመሪያ የተጠየቀው ዓይነት ነው፤ አሁን ግን አብረው ስለኖሩ የጋራ የኪራይ ውሉና የጋራ የባንክ ሒሳቡ ይጠበቃል። የፎቶና የደረሰኝ አቃፊው ስለዚህ እስከዚያ ድረስ አይጣልም።